የጀልባዬ ኋላ ለምን ደጋግሞ ይሰነጠቃል?

ጥያቄው ባጭሩ ይኼ ነው፦ «ጋሼ፣ 7 ሜትር የፋይበርግላስ ጀልባ አለኝ፤ ባለ 40 ፈረስ ጉልበት ሞተር ከኋላው ተሰቅሎበታል። ጣና ላይ ከባሕር ዳር ዘጌ፣ አንዳንዴም ደቅ ደሴት ድረስ ሰው አመላልስበታለሁ። ሞተሩ የተሰቀለበት ግድግዳ ተሰንጥቆ ሁለት ጊዜ አስለጠፍኩት፤ ሁለቱንም ጊዜ ሦስት ወር ሳይሞላው ተመልሶ ተሰነጠቀ። ከሆዱ በኩል ደግሞ ውኃ የቋጠረ እብጠት አውጥቷል። ሞተሩም እንደ ድሮው አይገፋም፣ አልፎ አልፎም ይግላል። የጥምቀት ሥራ ስላለቀ አሁን ጊዜ አለኝ። የትኛውን ሬዚን ልግዛ? ወይስ ጭኜ አዲስ አበባ ልውሰደው? ወይስ ሸጬ ልገላገል?»

ወንድሜ፣ ሬዚኑን፣ ፋይበሩን የሚያያይዘውን ፈሳሽ ሙጫ፣ ለጊዜው ተወው። የዘረዘርካቸው ችግሮች ሦስት ይምሰሉ እንጂ በአብዛኛው የአንድ በሽታ ምልክቶች ናቸው፤ ጀልባህ ውኃ ጠጥቷል። በባሊ ቀድተህ የምትደፋውን ውኃ ማለቴ አይደለም። በኋላው ግድግዳ ውስጥ ያለው እንጨት ጠጥቷል፣ ከወለሉ ሥር ያለው ፎም ጠጥቷል፣ ፋይበሩ ራሱ በትንሽ በትንሹ ጠጥቷል። እርጥብ ነገር ላይ የተለጠፈ ደግሞ ከየትም ይምጣ፣ ምንም ያህል ይወደድ፣ ይላቀቃል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚያስፈልግህ ፀሐይና ትዕግሥት ነው። ፀሐዩ ከአሁን እስከ ሚያዝያ በነፃ አለልህ።

እኔም ይኼን ያወቅሁት በማፈር ነው። ድሮ፣ ጥምቀት አራት ቀን ሲቀረው፣ የአንድ ደንበኛዬን ጀልባ ኋላ እርጥቡን ለጠፍኩለት። እሱ ቸኩሏል፣ እኔም ገንዘቡ አጓጉቶኛል። በእጄ ስነካው የደረቀ መሰለኝ። ከደቅ ሲመለሱ የከሰዓቱ ነፋስ ተነሣና ማዕበሉ ሞተሩን ማናወጥ ጀመረ፤ ልጣፊው እንደ በሰለ እንጀራ ከጠርዙ ተነሣ። ሞተሩን በገመድ ጠፍረው ነው ዘጌ የደረሱት። ሰው አልተጎዳም፤ ገንዘቡን መለስኩ። ከዚያ ወዲህ «በጥድፊያ ለጥፍልኝ» ያለኝን ሁሉ «ሌላ ሰው ፈልግ» እላለሁ።

ለነገሩ ይኼን ከእኛ ቀድመው ያወቁት የታንኳ ሠሪዎቹ ናቸው። ከደንገል ታንኳ የሚሠሩትን ወይጦዎች አይተህ ከሆነ፣ ሥራቸውን ሲጨርሱ ታንኳውን ውኃ ላይ አስረው አይሄዱም። ያወጡትና አቁመው ውኃው እንዲንጠፈጠፍ፣ ፀሐይ እንዲመታው ይተዉታል። ደንገል ውኃ እንደሚጠጣና ካልደረቀ እንደሚበሰብስ ያውቃሉ። እኛ ግን «ፕላስቲክ ነው፣ ምን ይሆናል?» ብለን ጀልባችንን ዓመት ከዓመት ውኃ ላይ እናሳድረዋለን። ፕላስቲኩ ምንም ላይሆን ይችላል፤ በውስጡ የታሸገው እንጨት ግን እንጨት ነው።

ከማውጣትህ በፊት ምርመራ አድርግ። የሳንቲም ወይም የመዶሻ እጀታ ጫፍ ይዘህ የኋላውን ግድግዳ ከላይ እስከ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ አንኳኳው። ጤነኛው ቦታ ጥርት ያለ፣ የደረቀ ድምፅ ይሰጥሃል፤ የበሰበሰው «ዱብ» ይላል፣ እርጥብ ጭቃ ላይ እንደመምታት ነው። ድምፁ የተለወጠበትን በጠመኔ ክበብ። ከዚያ ሞተሩን ጭራው ላይ (ፕሮፔለሩ ያለበት ታችኛው ክፍል) ይዘህ ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቀው፤ ጓደኛህ ግድግዳውን ይይ። ግድግዳው አብሮ ከተነቃነቀ ውስጡ አልቋል ማለት ነው። የመጨረሻው ማረጋገጫ መሰርሰሪያ ነው። ከውስጥ በኩል ብቻ፣ ወደ ውጪ ሳይወጣ፣ በ6 ሚሊሜትር መብሻ አራት አምስት ቦታ ብሳው፤ በተለይ ከታች በሁለቱ ማዕዘኖችና ከሞተሩ ቡሎኖች ሥር። የሚወጣው ብናኝ ነጣ ያለና ደረቅ ከሆነ ደስ ይበልህ። ጠቁሮ፣ ርሶ፣ የበሰበሰ ቅጠል ከሸተተህ ግን ምን እንደሚጠብቅህ ታውቃለህ።

አሁን ወደ ማውጣቱ። እዚህ እንደ ወደብ ከተማ ክሬን የለህም፤ ያለህ ሰው፣ አጠናና ብልሃት ነው። ሞተሩን አስቀድመህ አውርድ፤ ባለ 40ው እንደ ዓይነቱ 70 ኪሎና ከዚያ በላይ ነው። ባትሪውን፣ የቤንዚን ታንኩን፣ መልሕቁን፣ ወንበሮቹን ሁሉ አውጣ። የተላጠ የባሕር ዛፍ ግንድ እንደ መንኮራኩር ከሥሩ አሰልፍና በእጅ በሚሠራ የገመድ መሳቢያ (ቲርፎር) ቀስ ብለህ ሳብ። በመኪና አታስጎትት። መኪናው ሲነጥር ገመዱ ይበጠሳል፤ የተበጠሰ ገመድ እግር ሲሰብር አይቻለሁ። ገመዱን ደግሞ አፍንጫው ላይ ባለችው ቀለበት ብቻ አትሰር፣ የቀለበቷ ቡሎን ከውስጥ ዝጎ ሊሆን ይችላል። መላ አካሉን ዙሪያውን እንደ ቀበቶ አስረህ ሳበው።

ቦታ ስትመርጥ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ጣና በዓመት ውስጥ ከፍ የሚለው መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ላይ ነው፤ ዝቅ የሚለው ሰኔ አካባቢ ነው። ልዩነቱ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ይሆናል። አሁን ከውኃው ጠርዝ ዐሥር ሜትር ላይ ያቆምከው ጀልባ ሥራው ሲያልቅ፣ ሚያዝያ ላይ፣ ዳርቻው ሜዳማ ከሆነ ውኃው ርቆት ታገኘዋለህ፤ በመካከሉም ጉልበት የሚውጥ ጭቃ ይኖራል። ስለዚህ ጠጠርማ፣ ትንሽ ተዳፋት ያለው ዳርቻ ፈልግ። መረሬ አፈር ላይ አታቁመው። ዝናብ ቀድሞ ከመጣ ድጋፎቹ ይሰምጡና ጀልባው ይጋደማል። (ሥራ የማይሠራበት ጀልባ ያለው ሰው ሌላ ዘዴ አለው፤ በጥቅምት ሙላት ግንድ ላይ አንሳፍፎ ያቆመዋል፣ ውኃው ራሱ ጥሎት ይሄዳል። አንተ ግን ከጥቅምት እስከ ጥር የምትበላበት ወቅት ስለሆነ አይሆንህም።)

ሲቆም ክብደቱ በመሐል አከርካሪው ላይ ይረፍ፤ ጎኖቹን በአሸዋ በተሞላ ማዳበሪያ ከረጢት ደግፍ። ድንጋይ አታድርግ፣ ድንጋይ ነጥብ ላይ ይጫናል። አፍንጫውን ትንሽ ከፍ አድርገህ የኋላውን የውኃ መውጫ ቡሽ ክፈት። ቀን ቀን ክፍት ይሁን፤ ሸራ ከጋረድክ ከላይ እንደ ዳስ ከፍ ብሎ ነፋስ የሚያሳልፍ እንጂ የተጠቀለለ አይሁን። ጀልባን በሸራ መጠቅለል በእንፋሎት እንደማብሰል ነው።

መድረቁን በምን ታውቃለህ? የእርጥበት መለኪያ መሣሪያ ካላገኘህ ክንድ የሚያህል ስስ ላስቲክ ቆርጠህ ሆዱ ላይ በአራቱም ጎን በፕላስተር አሽገህ ለጥፍ። በማግስቱ ከላስቲኩ ሥር ላብ ካየህ ገና ነው። በየሳምንቱ ቦታ እየቀያየርክ ድገመው። ከውጪ ያለው ፋይበር ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይበቃዋል። የታሸገው እንጨትና ፎም ግን ሳይከፈት በዓመትም አይደርቅም፤ መግቢያ እንጂ መውጫ የለውም።

ስለዚህ ይከፈታል። የሥራው ልብ እዚህ ላይ ነው።

የኋላውን ግድግዳ ከውስጥ በኩል ክፈተው። የውጪው ቆዳ ቅርጽህ ነው፣ አትንካው። ከውስጥ ዙሪያውን ከ5 እስከ 7 ሳንቲሜትር ከንፈር ትተህ በግራይንደር ቁረጥና የውስጡን ቆዳ ገንጥለህ አውጣ። የበሰበሰው እንጨት በመሮ፣ አንዳንዴም በእጅ ይዛቃል። ጤነኛ የሚመስል ቁራጭ ተርፎ «ይኼን ልተወው» የሚል ሐሳብ ከመጣብህ አትተወው፤ ውኃው እሱንም ነክቶታል። የውጪው ቆዳ ከውስጥ በኩል ንጹሕ፣ ሸካራና ደረቅ እስኪሆን ድረስ አሸው።

አዲሱ ልብ ከምን ይሁን? አናጢዎች «ዋንዛ አለልህ» ይሉሃል። ዋንዛ ውብ እንጨት ነው፤ በርና ሣጥን ሥራበት። ድፍን ጣውላ እርጥበት ሲያገኝ በአንድ በኩል ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸሻል፤ ፋይበሩን ከውስጥ እየገፋ ይቀደዋል። የሚያስፈልግህ ፕላይውድ ነው፣ አናጢዎቻችን ኮምፔንሳቶ የሚሉት፤ ንብርብሮቹ እርስ በርስ ስለሚያያዙት ወዲያ ወዲህ አይልም። የባሕር ሥራ ፕላይውድ እዚህ ሱቅ ውስጥ ላታገኝ ትችላለህ፤ ከኮንስትራክሽኑ መካከል ሙጫው ውኃ የሚችለውን መምረጥ ግን በእጅህ ነው። ከእያንዳንዱ ሉህ መዳፍ የምታህል ቁራጭ ለምንና በድስት ቀቅላት። ሁለት ሦስት ሰዓት ቀቅል፣ በፀሐይ አድርቅ፣ ደግመህ ቀቅል። (ባሕር ዳር ላይ ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ለዚህ ሥራ ግን ይበቃል።) ንብርብሩ እንደ መጽሐፍ ገጽ ከተገለጠ ያንን ሉህ ለጣራ ሥራ ተወው። ካልተገለጠ ግዛው። ቤት ውስጥ ሰው ቢስቅብህ ይሳቅ።

ውፍረቱን ከአሮጌው ለካ፤ ብዙ ጊዜ ሁለት ባለ 18 ሚሊሜትር ሉህ ተጣብቆ ይሆናል። የሞተሩ መቆንጠጫ የሚይዘው ልክ ስላለው ከነበረው አትራቅ። ጠርዞቹን ሁሉ፣ በተለይ የተቆረጠውን ጫፍ፣ በቀጭን ሬዚን ሁለት ጊዜ አጠጣ፤ ውኃ የሚገባው በጫፉ ነው። ከዚያ ወፍራም ለጥፍ አዘጋጅ፣ ሬዚን ከተከተፈ ፋይበር ጋር ተቦክቶ እንደ ገንፎ የጠነከረ፤ የውጪው ቆዳ ላይ በሙሉ ቀባና እንጨቱን ጫነው። በቡሎን ከውጪ ወደ ውስጥ ሳብ አድርገህ አጥብቅ። ለጥፉ በየጠርዙ ተርፎ መውጣት አለበት፤ ካልወጣ ውስጥ አየር አለ፣ አየር ያለበት ደግሞ ነገ ውኃ ይኖርበታል። ማዕዘኖቹን በዚያው ለጥፍ በጣት አጠጋግተህ ሙላ፤ ፋይበር ሹል ማዕዘን አይወድም። በላዩ ላይ ማት (ክሩ የተበተነ የፋይበር ምንጣፍ) እና ዎቨን (የተሸመነ የፋይበር ጨርቅ) እያፈራረቅህ ከ5 እስከ 6 ንብርብር አልብሰው። ንብርብሩ እንጨቱ ላይ አያቁም፤ ወደ ጎኖቹና ወደ ሆዱ 15 ሳንቲሜትር ይውጣ። ሞተሩ የሚገፋው ግድግዳውን ነው፣ ግድግዳው ደግሞ የሚገፋው ጀልባውን ነው። ይኼ ማያያዣ ከሌለ ያለፉትን ሁለት ልጣፊዎች ታሪክ ትደግመዋለህ።

የውጪውን ስንጥቅ በተመለከተ፣ የለጠፉልህ ሰዎች ስንጥቁን በስቱኮ ሞልተው ከላይ ቀለም ቀብተውት እንደሆነ እጠረጥራለሁ። የመኪና ስቱኮ ከውኃ መስመር በታች አይገባም፤ ውስጡ ያለው ዱቄት ውኃ ይስባል። ስንጥቅ የሚጠገነው ስፋት በመስጠት ነው። ለእያንዳንዱ ሚሊሜትር ውፍረት በየጎኑ 12 ሚሊሜትር እያዘነበልክ አሸው። ቆዳህ 6 ሚሊሜትር ከሆነ በግራም በቀኝም 7 ሳንቲሜትር ገደማ የሚዘቀዝቅ ሰፊ ሰሐን ይወጣልሃል። በዚያ ላይ ትንሿን ቁራጭ ከታች፣ እየሰፋ የሚሄደውን ከላይ እያደረግህ ሙላው። ባለ 450 ግራም ማት በየንብርብሩ 1 ሚሊሜትር ያህል ይሰጥሃል፤ ስድስት ንብርብር ማለት ነው።

አሁን ወደ ጠየቅኸኝ ሬዚን ልመለስ። ለፋይበር ሥራው ፖሊስተር ይበቃሃል፤ አቅም ካለህ እንጨቱን ለማጣበቅና ለቡሎን ቀዳዳዎቹ ኢፖክሲ ግዛ። ቅደም ተከተሉን ግን ጠብቅ፤ ኢፖክሲ ፖሊስተር ላይ በደንብ ይይዛል፣ ፖሊስተር ኢፖክሲ ላይ ግን በደንብ አይይዝም። ተራ ማት ደግሞ ክሩን የሚያያይዘው ሙጫ በፖሊስተር ውስጥ እንዲሟሟ ተደርጎ ስለተሠራ ከኢፖክሲ ጋር አይስማማም። የፖሊስተሩ ማጠንከሪያ ከክብደቱ ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው፤ ለ1 ኪሎ ሬዚን 15 ግራም መካከለኛ ነው። በግምት አታንጠብጥብ፣ ከፋርማሲ መርፌ አልባ ሲሪንጅ ግዛ። በአንድ ጊዜ ከግማሽ ኪሎ በላይ አትበጥብጥ፤ ዕቃው ውስጥ ከቆየ ራሱን አግሎ ይጨሳል። ሙቀቱ ከ15 ዲግሪ በታች ከሆነ በደንብ አይጠነክርም። ስለዚህ ጠዋት 3 ሰዓት ካለፈ በኋላ ጀምር፣ ቀትር ፀሐይ በቀጥታ ከሚመታው ቦታ ላይ ግን አትሥራ።

አንድ ነገር በቁም ነገር ስማኝ። ማጠንከሪያው ዓይን ውስጥ ከገባ ያሳውራል፤ መነጽር ሳታደርግ ክዳኑን አትክፈት። ሬዚንህ ማፋጠኛ ኮባልት ለብቻው የሚሰጥበት ዓይነት ከሆነ ኮባልቱንና ማጠንከሪያውን ፈጽሞ በቀጥታ አታገናኝ፣ ይፈነዳል፤ አንዱ ሬዚኑ ውስጥ ሙሉ ለሙሉ ከተዋሐደ በኋላ ነው ሌላው የሚገባው። ከተቻለ ኮባልቱ አስቀድሞ የገባበትን ግዛ። ስታሽ ደግሞ የፊት ጭምብል አድርግ፣ ብናኙን ሰብስበህ በከረጢት አውጣ። ከዚያ ዳርቻ ሰው ውኃ ይቀዳል፣ ዓሣ ይወጣል።

ግድግዳው ካለቀ በኋላ ጀልባውን ደግሞ የሚገድለው የቡሎን ቀዳዳ ነው። ያንተም እንጨት የበሰበሰው በዚያ በኩል እንደሆነ ልወራረድ። ቀዳዳውን ከሚያስፈልገው 6 ሚሊሜትር አስፍተህ ብሳው፣ ኢፖክሲ ሙላው፣ ሲጠነክር በመሐሉ ላይ በትክክለኛው ልክ እንደገና ብሳ። ቡሎኑ እንጨቱን ሳይነካ ያልፋል፤ ውኃ ቢያልፍ እንኳ የሚያገኘው ኢፖክሲ ነው። ማሸጊያው ፖሊዩሪቴን ይሁን፣ የመስኮት ሲሊኮን አይሁን። ሞተሩም በሁለቱ የእጅ መቆንጠጫ ብቻ አይንጠልጠል፤ በስቴንለስ ቡሎን፣ ከውስጥ ሰፊ ሮንዴላ ገብቶበት ይታሰር።

እብጠቱ ብዙም አያስጨንቅህ። ባቄላ ለበቆልት ዘፍዝፈህ ስታድር ምን ይሆናል? ውስጡ ያለው ነገር ውኃውን በቆዳው በኩል ይስበውና ያብጣል። ጀልባህም እንደዚያ ነው። ፋይበሩ ውስጥ በደንብ ያልጠነከረ ኬሚካል አለ፣ ውኃ ይስባል፣ ቆዳውን ይነፋል። ጨው አልባ ውኃ ከባሕር ውኃ ይበልጥ ያንን ያደርጋል፤ ስለዚህ ከጅቡቲ ዳርቻ የመጣ ጀልባ እዚያ ንጹሕ ሆኖ ኖሮ ጣና ላይ ቢያብጥ አይግረምህ። ብትወጋው የሚወጣው ፈሳሽ ኮምጣጤ ይሸታል፤ ዓይንህን ጠብቅ። ክፈታቸው፣ በሙቅ ውኃ ደጋግመህ እጠብ፣ ከሌላው ጋር አብረው ይድረቁ፣ በኢፖክሲ ለጥፍ ሙላ። ጥቂት እብጠት ጀልባ አያሰምጥም። የበሰበሰ ግድግዳ ግን ሞተርህን ሐይቁ ሥር ያስቀምጥልሃል።

ከወለሉ ሥር ያለውን ፎም አንድ ቦታ ቆርጠህ ጭመቀው። ውኃ ከወጣው ሁሉንም አውጣ። 1 ሊትር 1 ኪሎ ነው፤ ዓመታት የጠጣ ፎም መቶዎች ኪሎ ሊሸከም ይችላል፤ ለዚህ ነው ሞተርህ ሰው ሳትጭን ሰው የጫንክ የሚመስለው። በፎሙ ፋንታ እኔ የምጠቀመው ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን ነው፣ ክዳኑ በደንብ ታሽጎ፣ በወለሉ ሥር በቀበቶ ታስሮ። እያንዳንዱ 20 ኪሎ ያህል ያነሣል። የጀልባው ፋይበር ውኃ ውስጥ ሲገባ ከክብደቱ አንድ ሦስተኛው ገደማ ብቻ ስለሚቀር 15ቱ ጀልባውንና ሞተሩን ያንሳፍፉልሃል፤ እኔ 20 አደርጋለሁ። ሲፈልጉ ይወጣሉ፣ ይታያሉ፣ ውኃ ገባባቸው አልገባባቸው ይታወቃል። ፋብሪካው ቢስቅም ባይስቅም።

ወደ ሞተሩ። በመጀመሪያ ደረጃ ጣና 1,786 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በየ300 ሜትሩ ሞተር ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል፤ ባለ 40ው እዚህ 33 ገደማ ነው። ከባሕር ዳርቻ የመጣበትን ፕሮፔለር እንደያዘ ከሆነ ከብዶታል። በሙሉ ጋዝ ዙሩን አስለካ፤ በመመሪያው ከተጻፈው በታች ከሆነ ፒቹ (በአንድ ዙር ወደ ፊት የሚገፋው ርቀት) አነስ ያለ ፕሮፔለር አድርግለት፤ የ1 ኢንች ፒች ለውጥ ከ150 እስከ 200 ዙር ይጨምርልሃል። የካርቡራተሩም ጂግለር (ቤንዚን የሚያሳልፈው ትንሽ ቀዳዳ) ለከፍታ የሚስማማው ቁጥር መመሪያው ላይ አለ። ካንዴላው ጥቁርና እርጥብ ሆኖ የሚወጣ ከሆነ ያንን አስተካክል። መካኒክህ ኮምፕሬሽን ለክቶ «ዝቅ ብሏል» ካለህ አትደንግጥ፣ ከፍታ ላይ ንባቡም ዝቅ ይላል። ዋናው ነገር ሲሊንደሮቹ እርስ በርስ መመሳሰላቸው ነው።

መጋሉ ግን በአብዛኛው ኢምፔለር ነው፣ የማቀዝቀዣ ውኃ የሚስበው የጎማ መዘውር። ሞተሩ የማቀዝቀዣውን ውኃ እንደ ድሮው እየሸና ነው? ቀጭን ከሆነ ወይም ከቆራረጠ ጎሚኒውን ቀይር። ጭቃማ ዳርቻ ላይ እየተነሡ እየቆሙ ከሁለት ዓመት በላይ አይጠበቅበትም። እምቦጭ ጣና ላይ ከታየበት እ.ኤ.አ. 2011 ወዲህ ደግሞ ሥሩ የውኃ መግቢያውን ይደፍናል፤ ባለፍክበት ቁጥር ሞተሩን አንሥተህ እይ። የጭራውን ዘይትም አንጠብጥብ። ማኪያቶ ከመሰለ ውኃ ገብቷል። ፕሮፔለሩን ፍታና ከኋላው የመረብ ክር ተጠምጥሞ እንደሆነ ተመልከት፤ ያ ቀጭን ክር ፓራኦሊዮውን፣ ዘይቱን የሚያግደውን ጎማ፣ ይቆርጠዋል።

እግረ መንገድህን እዚያው ጭራ ላይ፣ በአሉሚኒየሙ ፋንታ እንዲበላ የተገጠመውን ዚንክ ተመልከት። ዓመታት ቆይቶ እንደ አዲስ ከሆነ ጥሩ ምልክት እንዳይመስልህ። ዚንክ የተሠራው ለጨው ውኃ ነው፤ በጣና ውኃ ነጭ ቅርፊት ለብሶ ይተኛል፣ በእሱ ፋንታ አሉሚኒየሙ ይበላል። ለጨው አልባ ውኃ ማግኒዚየም እዘዝ፣ ቀለምም አትቀባው።

የሆድ ቀለም ሻጮች መርዛማውን የባሕር ቀለም ሊሸጡልህ ይሞክራሉ። ያ ቀለም የተሠራው ባሕር ውስጥ ጀልባ ላይ ለሚጣበቁ ቀንድ አውጣ መሰል ፍጥረታት ነው፤ ጣና ላይ የሉም። እዚህ የሚይዝህ አረንጓዴ ልጋግ ነው፣ በብሩሽ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2015 ዩኔስኮ በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት የመዘገበው ሐይቅ፣ ሰው የሚጠጣው ሐይቅ ላይ መዳብ አታራግፍ።

አዲስ አበባ አትላከው። ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ በአይሱዙ ላይ ሲንገጫገጭ የተዳከመው ግድግዳ የባሰ ይላላል፤ እዚያ ያለው ባለሙያም ጣናን ከሥዕል ላይ እንጂ አያውቀውም። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ዕቃው ይሁን። ግን ሁሉንም ቆጥረህ አንድ ጊዜ እዘዝ፤ አንዲት ፓራኦሊዮ ጎድላ ሥራው ሁለት ሳምንት ሲቆም ማየት የዚህ ሙያ ዋና ሕመም ነው።

መሸጡን በተመለከተ የሚወስነው ግድግዳው አይደለም፣ የወለሉ ሥር አግዳሚዎች ናቸው። ወለሉን ስትከፍት ከአፍንጫ እስከ ኋላ የሚሄዱትን ረጃጅም ተሸካሚዎች በመዶሻ አንኳኳ። ጥርት ካሉ ጀልባህ ገና ብዙ ጥምቀት ያያል፤ ጠግነው። እነሱም «ዱብ» ካሉና ሆዱ በእጅ ስትጫነው ከገባ፣ ሥራው ከጀልባው ዋጋ ይበልጣል፤ ሞተሩን ይዘህ ቀፎውን ስጠው። ሳትናገር ለሌላ ሰው መሸጥ ግን አይሆንም። ያ ሰው ከደቅ ሲመለስ ሰው ጭኖ ነው የሚመለሰው።

እንግዲህ ነገ ያንን በ6 ሚሊሜትር የሚበሳውን ብሳና ከየቀዳዳው የወጣውን ብናኝ ለየብቻ ወረቀት ላይ አስቀምጠህ ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ፣ የትኛው ከየት እንደወጣ ጽፈህ። ከታች የወጣው ደረቅ ከሆነ ከላይ ካልኩህ ግማሹን ትተወዋለህ፤ ግድግዳውን ሳትከፍት በቡሎን ቀዳዳዎቹና በውጪው ስንጥቅ ብቻ ትጨርሳለህ። ቀዳዳዎቹን አትድፈናቸው፣ በዚያው ይተንፍስ።